የአያ ጅቦ የቀትር ማረፊያ

አንድ ጊዜ፣ አህዮች ጨው ጭነው ከቆላ ወደ ደጋ በሚወጡበት ረጅም መንገድ ወገብ ላይ፣ ልክ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቦታ፣ አንድ ጅብ ይኖር ነበር። ቦታው የታደለ ነው። ከፊቱ የማይደርቅ ምንጭ ይወርዳል፤ ከምንጩ ማዶ አንድ ትልቅ ሾላ ጥላውን ዘርግቶ ቆሟል፤ የጅቡ ዋሻም ውስጡ ሰፊና ቀዝቃዛ ነው። ለደከመ ተጓዥ በዚያ መንገድ ላይ ከዚህ የሚሻል ማረፊያ አልነበረም። ነገር ግን አንድም አህያ እዚያ አርፎ ሲሄድ ታይቶ አያውቅም። ያረፉስ አልጠፉም፤ የጠፉት የሄዱት ናቸው።

ስለዚህ አህዮቹ ዋሻው ሊታያቸው ሲል ዋናውን መንገድ ይተዉና በስተግራ ያለውን ድንጋያማ ኮረብታ ይወጣሉ። ኮረብታው ሰኮና ያደማል፣ ጭነት ያጋድላል፣ የሁለት ቀኑንም መንገድ አራት ቀን ያደርገዋል። የዚህ ሁሉ መዘዝ የሚያርፈው አንበሳ ማዕድ ላይ ነበር። ጨው በጊዜው አይደርስም። አንበሳ ደግሞ ጨው ያልነካው ሥጋ መብላት ከተወ ቆይቷል፤ አንዴ ለምዷል፣ ምን ይደረግ።

አንድ ቀን ጅብን አስጠራው።

«አያ ጅቦ፣ ጨዬ የት አለ?»

«ጌታዬ፣ እኔ ጨው አልበላም» አለ ጅብ በየዋህነት።

«የሚሸከሙትን ግን ትበላለህ።»

ጅብ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«ስማኝ» አለ አንበሳ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚያ መንገድ ላይ ደም አይፈስም። ዋሻህም የተጓዦች የቀትር ማረፊያ ይሆናል፤ አስተናጋጁ አንተ ነህ። በደንብ ከያዝከው ከማዕዴ የሚተርፈው አጥንት በሙሉ ያንተ ነው። ካልሆነልህ ግን ዋሻውን ትለቃለህ፤ የሚችል ይይዘዋል።»

«በደንብ መያዜ በምን ይታወቃል ጌታዬ?»

አንበሳ ጥቂት አሰበ። «አንድ ጊዜ ሲሆን እንግዳ ተሳስቶም ይመጣል። ሁለተኛ የሚመጣ ግን አይሳሳትም። አንድ ጊዜ ዋሻህ ውስጥ አርፎ የሄደ፣ በገዛ ፈቃዱም ተመልሶ መጥቶ የሚያርፍ አንድ አህያ አሳየኝ። ከክረምት መግቢያ በፊት። አንድ ብቻ ይበቃኛል።»

ጅብ እግሩን እየጎተተ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያ ዋሻ አያቱ እናቱን የወለደችበት፣ እናቱም እሱን ያሳደገችበት ነው። ከዚያ ከወጣ የሚያስጠጋው ጎረቤት አልነበረውም። ይህን እሱ ራሱም ያውቃል፤ ጎረቤቶቹ የት እንደገቡም ያውቃል።

ይህን ሁሉ ከቁጥቋጦ ኋላ ሆኖ የሰማ አንድ ቀበሮ ነበር። ቀበሮው የሚኖረው ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃ በሚሞላ ጉድጓድ ውስጥ ነውና፣ ከአንበሳ ንግግር ሁሉ «የሚችል ይይዘዋል» የምትለዋን ለይቶ ያዛት። በማግስቱ ጧት ጅብ ደጃፍ ላይ ተገኘ።

«አያ ጅቦ፣ ጭንቀትህን ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ» አለው። እንቅልፍ ማጣቱ እንኳ እውነት ነበር። «አማካሪ ያስፈልግሃል።»

«አማካሪ ምን ይበላል?» ሲል ጠየቀ ጅብ።

«ምንም። ለወዳጅነት ብዬ ነው።»

ጅብ እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረበት። ግን ጅብ ነው።

«እንግዳ የሚማረከው በትልቅ ነገር ነው» አለ ቀበሮ፣ በዋሻው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ። «ትልቅ ኩሬ ቆፍር፤ ሃያ አህያ ባንዴ የሚጠጣበት። ጭዱን እስከ ጣሪያው ከምረው። በሩን አስፋው። ያቺ ከኋላ ያለችው ቀዳዳ ግን ንፋስ ታስገባለች፤ በቋጥኝ ድፈናት። ትልቅ ቤት የሚያምርበት አንድ ትልቅ በር ሲኖረው ነው።»

ጅብ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆፈረ። ጥፍሩ አለቀ። ኩሬው ኩሬ መባል እስኪያንሰው ድረስ ሰፋ። መንታ መንገዱ ላይ ደግሞ ቀበሮ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አቁሞ በቀይ አፈር እንዲህ ብሎ ጻፈበት፦ «ታላቁ የአያ ጅቦ ማረፊያ። እስካሁን ገብቶ ያማረረ የለም።»

ይህም ቃል በቃል እውነት ነበር።

የመጀመሪያዋ እንግዳ እመት ዳለቻ ሆነች። እመት ዳለቻ ግራጫ ፀጉር ያላት፣ ያንን መንገድ ሃያ ጊዜ የተመላለሰች፣ እርጋታዋ የሚያስከብራት አሮጊት አህያ ናት። ያን ቀን ሰኮናዋ ተሰንጥቆ ኮረብታውን መውጣት አቃታት። የአንበሳን ዐዋጅ ሰምታለች። «እንግዲህ ዐዋጅ ዐዋጅ ነው» አለችና እያነከሰች ወደ ዋሻው አቀናች።

ጅብ ገና ሲያያት እየሮጠ ወጣ። ባለቤት እንግዳውን ለመቀበል መሮጡ ደግነት ነው። ጅብ ወደ አህያ ሲሮጥ ከአህያዋ በኩል እንዴት እንደሚታይ ግን አላሰበበትም።

«እንዴ እመት ዳለቻ! ቤት ለእንግዳ! ግቢ፣ ግቢ!» ብሎ ጉንጯን ሳማት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በሦስተኛው ላይ ምራቁን ሲውጥ ተሰማ። «አምሮብሻል እኮ! ወፈርሽ! ጎንሽም ሞላ፣ ዳሌሽም ሞላ!»

እመት ዳለቻ ዕድሜዋን ሙሉ «ወፈርሽ» ሲሏት ደስ ይላት ነበር። ያን ቀን ግን ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች።

«ኧረ የት ወፍሬ አያ ጅቦ። አጥንት ብቻ ነኝ።»

«አጥንትም እኮ ጥሩ ነው» አላት ጅብ፣ ሊያጽናናት ፈልጎ።

ጭነቷን አውርዳ መሬት ላይ ልትቀመጥ ስትል ጅብ ከለከላት። «ባዶ መሬት ላይማ አይሆንም! እንግዳ ነሽ!» ብሎ ወደ ጓዳ ገባና አንድ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ቁርበት ይዞ ወጣ። አራግፎ፣ ሁለት ጊዜ በእጁ ደልድሎ አነጠፈላት። እንግዳን ቁርበት አንጥፎ መቀበል የአገር ወግ ነው፤ ጅብም ወግ አያጓድልም።

እመት ዳለቻ ቁርበቱን አየችው። ግራጫ ነው። መሐል ጀርባው ላይ ከራስ እስከ ጭራ አንድ ጥቁር መስመር ወርዷል፤ ትከሻው ጋ ሌላ ጥቁር መስመር ያቋርጠዋል።

«ይህን ከየት አመጣኸው?» አለች ቀስ ብላ።

«የራሴ ሥራ ነው» አለ ጅብ በኩራት። «ካለኝ ሁሉ ምርጡ ነው። ለሌላ ለማንም አላነጠፍኩትም።»

እመት ዳለቻ አመስግና በቁርበቱ ጠርዝ ላይ አንዲት ሰኮናዋን ብቻ አሳረፈች።

ቀጥሎ ጭዱ ቀረበ፤ ከላዩ ላይ ገብስ ተበትኖበታል። ጅብ እንግዳዋ አንድ ነገር ቢያምራት እንዳይርቅ ብሎ በሩ መሐል ላይ ጉብ አለ። እያንዳንዷን ጉርሻዋን በዐይኑ ይከተላል።

«ብዪ እንጂ! ምነው ቆጠብሽ? በሞቴ! አንቺ ካልጠገብሽ እኔ ምን ደስ ይለኛል?» አለና ጭድ በእጁ ጠቅልሎ አጎረሳት። «አንድ ያጣላል!» ብሎ ሁለተኛ ደገማት። ጥፍሩ ከንፈሯን ነካ አደረጋት።

«ጠገብኩ አያ ጅቦ። ልሂድ።»

«አሁኑኑ? ዛሬማ መሄድ የለም! እዚሁ ዋይ!» ይህን ከልቡ ነበር ያላት።

«ልጆች ይጠብቁኛል።»

«ልጆችም አሉሽ?» ጅብ ደስታውን መደበቅ አቃተው። «ታዲያ ይዘሻቸው ነይ እንጂ!»

ከዚያም ወጉ ነውና መታጠፊያው ድረስ ሸኛት። ከኋላዋ ሆኖ። ያ የተሰነጠቀ ሰኮና ያንን ያህል መፍጠን እንደሚችል እመት ዳለቻ ራሷም አታውቅም ነበር።

ቀበሮ መንታ መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቃት። «እመት ዳለቻ፣ አቀባበሉ እንዴት ነበር?» አለ፣ ጅብ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

እመት ዳለቻ ትንፋሿን ሰበሰበች። አብልቶ ያጠጣን ባለቤት ደጁ ላይ ቆሞ ማማት በእሷ ወገን ዘንድ ነውር ነው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። «ምንም የጎደለ የለም።»

ጅብ ያን ቀን በደስታ ብዛት ለብቻው ሲስቅ ዋለ። ሳቁ አሥራ አንድ አህዮችን ከመንገድ መለሰ።

ከዚያ በኋላም እንግዳ አልጠፋም። ኮረብታው የሰለቸው፣ ጭነት የከበደው፣ ነገሩን ለማየት የጓጓም እየመጣ አንድ ጊዜ አረፈ። ሁሉም ቁርበቱ ላይ ተቀመጡ፤ ሁሉም «ወፈርክ»፣ «ወፈርሽ» ተባሉ፤ ሁሉም «ምንም የጎደለ የለም» ብለው ሄዱ። አንድም አልተመለሰም። ጅብ ምስጋናውን እየሰማ፣ ባዶውን መንገድ እያየ ግራ ገባው።

«ቀበሮ ወንድሜ፣ ሁሉም ወደውታል። ታዲያ ለምን አይመጡም?»

«ኩሬው ስላነሳቸው ነዋ» አለ ቀበሮ።

ጅብ ኩሬውን አሰፋው። ሰማዩ በደመና መጠቆር ጀመረ። ክረምት ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው ጅብ የምንጩንም የኩሬውንም ውሃ ለእንግዳ እየቆጠበ ስለነበር፣ ለመጠጣት ወደ ታች፣ ኮረብታው ሥር ወዳለው ወንዝ ወረደ። ቄጤማው መሐል ተኝቶ ሲጠጣ ከወዲያ በኩል ድምፅ ሰማ። ሦስት አህዮች ከኮረብታው ወርደው እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ነበር፤ እመት ዳለቻ፣ ቡላ የሚባል ጎረምሳ፣ እና ጆሮዋ የተቀደደ አንዲት ባልቴት። ጆሮዋን ማን እንደቀደደው አትጠይቁኝ።

«ይህን ኮረብታ እስከ መቼ ነው የምንወጣው?» አለ ቡላ። «እዚያ ዋሻው ጋ ትልቅ ኩሬ አለ ይላሉ።»

«ይላሉ? አንተም ገብተህ የለም እንዴ?» አለች ባልቴቷ።

«ገብቻለሁ። ኩሬውን ግን አላየሁትም። ዐይኔን ከዐይኑ ላይ መንቀል ፈርቼ።»

«እኔን ደግሞ ዕድሜሽ ስንት ነው አለኝ። ነገርኩት። ፊቱ ጥቁር አለ።»

«ምራቁስ?»

«አቤት! ምራቁን አታንሳብኝ!»

ሦስቱም ሳቁ። ከዚያ እመት ዳለቻ ሳቋን ተወችና እንዲህ አለች፦ «እኔስ ምራቁን እችለው ነበር። ተፈጥሮው ነው፣ ምን ያድርግ። ያ ቁርበት ነው ያቃተኝ። ትከሻው ላይ ጭነት የላጠው ጠባሳ አለ። የአክስቴ ልጅ ድንቡሼ ናት።»

ቡላ እግሩን ከውሃው አወጣ።

«ለምን አልነገርሽውም?» አለ ቡላ።

«ምን ብዬ? ገብስ አቅርቦልኝ ‹ያነጠፍክልኝ ዘመዴን ነው› ልበለው? ምንም የጎደለ የለም አልኩት፣ ወጣሁ።»

«እኔም እንዲያ ነው ያልኩት።»

«እኔም።»

«ቤቱ ግን ጥሩ ቤት ነበር» አለች እመት ዳለቻ፣ የተሰነጠቀ ሰኮናዋን እያየች። «በሩ ላይ ባይቀመጥ። ከኋላ አንዲት መውጫ እንኳ ብትኖረው። አህያ እኮ አረፍኩ የምትለው መሄድ እንደምትችል ስታውቅ ነው።»

ጅብ ቄጤማው ውስጥ እንደተኛ ሁለት ነገር ተሰማው። አንደኛው ረሃብ ነበር፤ እሱን ያውቀዋል። ሁለተኛውን ግን ከዚያ በፊት አያውቀውም፤ የጆሮውን ጫፍ እንደ እሳት ያቃጥለዋል።

ዋሻው ሲደርስ ቀበሮን ጓዳውን በእርምጃ ሲለካ አገኘው።

«ምን ትሠራለህ?»

ቀበሮ ክው አለ። «ለ… ለማስፋት ነዋ! እንዲያውም ነገ ግድግዳውን መቆፈር ትጀምራለህ።»

ጅብ ይህንንም አመነ። ሆኖም የሰማውን ሁሉ ነገረው፤ ስለ ቁርበቱም፣ ስለ በሩም፣ ስለ ቀዳዳዋም።

«የአህያ ወሬ!» አለ ቀበሮ። «በአንዲት ቁርበት ቤት የሚጠላ ማን ነው? ቁርበቱ ስላነሰ ነው። ሁለት አንጥፍ። ደግሞም ቆፍር!»

ታላላቅ ለውጦች ከምን እንደሚጀምሩ አይታወቅም። የጅብ ለውጥ የጀመረው ከስንፍና ነው። ጥፍሩ አልቋል፤ ክንዱ ዝሏል፤ ግድግዳ መቆፈር አልፈለገም። ቁርበት ማንሳት ግን ቀላል ነው። ቋጥኝ ማንከባለልም ከመቆፈር ይሻላል። «ትልቁን በኋላ እሠራዋለሁ» አለና ትንሽ ትንሹን ጀመረ።

ቁርበቱን ጠቅልሎ ከዋሻው ጀርባ ቀበረው። አፈሩን መልሶ ሲጨርስ በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚባል ስላላወቀ «በይ እንግዲህ ድንቡሼ» አለ። እዚያው ላይ ምራቁ መጣ። ዋጠው። ቄጤማ አጭዶ ወለሉ ላይ ጎዘጎዘ። ቋጥኙን ከቀዳዳዋ ላይ ሲያነሳው ዋሻው ከዳር እስከ ዳር ብርሃን አሳለፈ። በመጨረሻ ራሱን የት እንደሚያደርገው ቸገረው። በሩ ላይ አይሆንም፤ ውስጥም አይሆንም። ምንጩ ዳር፣ ከበሩ ወደ ጎን ራቅ ብሎ አንድ ድንጋይ ነበር። እዚያ ላይ ወጣና ጀርባውን ለዋሻው ሰጥቶ ተቀመጠ።

የቀጠሮው የመጨረሻ ቀን ደረሰ። አንበሳ መጥቶ ከምንጩ ማዶ ሾላው ሥር ጋደም አለ። ቀበሮ አጠገቡ ተቀምጦ ዋሻውን በዐይኑ ያስተካክላል፤ መኝታው በየትኛው ጥግ እንደሚሆን ወስኗል።

ቀትር ላይ እመት ዳለቻ መንታ መንገዱ ጋ ደረሰች። እንደ ልማዷ ወደ ኮረብታው ልትታጠፍ ስትል ወደ ዋሻው ዞር ብላ አየችና ቆመች። በበሩ በኩል ከወዲያ ያለው ሰማይ ይታያል። ብዙ ቆመች። ከዚያ እያነከሰች መጣች።

«አያ ጅቦ፣ ደህና ዋልክ?»

«ደህና ዋልሽ እመት ዳለቻ» አለ ጅብ፣ ሳይዞር።

«አሞሃል?»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ምነው ፊትህን አዞርክ?»

«አንዳንዶች ፊቴን ብዙ አይወዱትም ብዬ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ለእኔማ ሁሉም ምንም የጎደለ የለም ነው ያሉኝ።»

እመት ዳለቻ ጆሮዎቿን ዝቅ አደረገች።

«መግባት ከፈለግሽ ግቢ» አለ ጅብ። «ካልፈለግሽም መንገዱ ያው ነው።»

በፊት በር ገባች። ወዲያው በኋላው ቀዳዳ ወጣች። ዞራ መጥታ እንደገና ገባች፤ እንደገና ወጣች። ሦስተኛም ደገመች።

«ጌታዬ!» ጮኸ ጅብ፣ ኮቴዋን እየሰማ። «ሦስት ጊዜ መጣች! ይቆጠርልኝ!»

«ኮቴ እንግዳ አይባልም» አለ ቀበሮ ፈጥኖ።

«ዝም በሉ» አለ አንበሳ። «መግባት ማረፍ አይደለም። ስትተኛ እናያለን።»

በአራተኛው አልወጣችም። ጭነቷ «ዱብ» ሲል ተሰማ። ገብስ የማኘክ ድምፅ መጣ፤ ረጋ ያለ፣ የማይቸኩል። ከዚያ የቄጤማ መሰባበርና የትልቅ ገላ ወዲያ ወዲህ ማለት ተሰማ። አንበሳ ከተጋደመበት ቀና አለ። እመት ዳለቻ አራት እግሯን ወደ ጣሪያው ሰቅላ፣ ሆዷን ገልጣ ትንከባለላለች። ከዓለም መፈጠር ጀምሮ በጅብ ዋሻ ውስጥ በገዛ ፈቃዱ ሆዱን የገለጠ አህያ አልነበረም።

ቀበሮ ነገሩ እንዳመለጠው ገባው። ምንጩን ዘሎ ተሻገረና በጅብ ጆሮ ማንሾካሾክ ያዘ።

«አያ ጅቦ፣ እየተንከባለለች ነው።»

ጅብ የተቀመጠበትን ድንጋይ አጥብቆ ያዘ።

«ሆዷ ነጭ ነው። እንደ ቅቤ ይርገፈገፋል።»

የጅብ አንገት ጅማቱ ተገተረ።

«ምን ዓይነት ባለቤት ነው እንግዳዋ ተመችቷት እንደሆነ ዞር ብሎ የማያይ? ነውር እኮ ነው! ጌታችን እያየህ ነው። አንዴ ብቻ፣ ለወጉ ያህል!»

ጅብ የራሱን ጭራ ስቦ ነከሰ። አጥብቆ ነከሰ። ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ ጆሮው ግን መስማቱን አላቆመም። ከኋላው መንከባለሉ ቆመና ማንኮራፋት ተጀመረ። ወፍራም፣ የጠገበ ማንኮራፋት። ፀሐይ ከአናት ወደ ጎን እስክትል ድረስ ጅብ ጭራውን አልለቀቀም፤ ቀበሮም ማንሾካሾኩን አልተወም።

በመጨረሻ እመት ዳለቻ ተነሳች፣ ተራገፈች፣ ጭነቷን ተሸከመች። የኋላው ቀዳዳ ክፍት ነው። እሷ ግን በፊት በር ወጣች። የጅብ ትከሻ አጠገብ፣ እጁን ቢዘረጋ በሚደርስባት ቦታ ላይ ቆመች።

«ቁርበቷስ?» አለችው ቀስ ብላ።

ጅብ ጭራውን ከአፉ አወጣ። «ቀበርኳት። ከጀርባ።»

እመት ዳለቻ ራሷን ነቀነቀች። ጥቂት ተራመደችና ዞረች።

«አያ ጅቦ።»

«አቤት።»

«ጭድህ አቧራ አለው። ከማቅረብህ በፊት አራግፈው።»

«ሰማህ ጌታዬ!» ቀበሮ በደስታ ዘለለ። «አማረረች! በዚህ ቤት ታሪክ የመጀመሪያዋ አማራሪ! እንግዲህ ዋሻው—»

«ዋሻው የጅብ ነው» አለ አንበሳ፣ ለመሄድ እየተነሳ። «ለማትመለስበት ቤት ስለ ጭዱ አቧራ ማን ይጨነቃል?»

በማግስቱ ቡላ መጣ፤ በሦስተኛው ቀን ባልቴቷ። የክረምቱ ዝናብ መጥቶ ኮረብታውን ሲያንሸራትት መንገደኛው ሁሉ ወደ ዋሻው ዞረ። የአንበሳ ጨው በጊዜው መድረስ ጀመረ። ቀበሮም ሥራ አላጣም፤ ወደ ነብር ዘንድ ሄዶ፣ የጅብ ማረፊያ በኩሬው ትልቅነት እንደተሳካ በዝርዝር አስረዳው። ነብርም መቆፈር ጀምሯል ይባላል።

ጅብ ዋሻውን አተረፈ። አጥንቱም በየቀኑ ይመጣለታል። ከዚያ ወዲህ ግን ቀትር በመጣ ቁጥር ድንጋዩ ላይ ወጥቶ፣ ጀርባውን ለገዛ ቤቱ ሰጥቶ፣ የአገሩ የሰቡ አህዮች ሁሉ ከኋላው ሲንከባለሉ እያዳመጠ ይውላል። እንግዶቹ ቤቱ እንዴት እንደሚያምር ይነግሩታል፤ እሱም ይስማማል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በቀትር ብርሃን አይቶት አያውቅም።

ከዚህ የምንማረው፣ አመስግኖ የሄደ እንግዳ ሁሉ ተመልሶ እንደማይመጣ፣ ደንበኛን የሚያሸሸውም ሆነ የሚመልሰው እኛ ጥፍራችን እስኪያልቅ የደከምንበት ትልቅ ነገር ሳይሆን እሱ በይሉኝታ ሳይነግረን የሄደው ትንሽ ነገር መሆኑን ነው።